ሳልጽፈው ስለ ቀረሁት ነገር

ሰው ብዙ ዘመን የሠራው ሥራ ጠባዩን ይቀርጸዋል። እኔ በወረታ ከተማ በአንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሚዛን ላይ ቆሜ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ። ገበሬው ጆንያውን ያወርዳል፤ እኔ እመዝናለሁ፤ ቁጥሩንም በደብተር እጽፋለሁ። ተፈልፍሎ የወጣውን ሩዝ መልሼ እመዝናለሁ፤ ይህንንም እጽፋለሁ። ለገበሬው አንድ ኪሎ አላጎድልበትም፤ ለባለቤቱም አንድ ኪሎ አልጨምርለትም። ስለዚህ በሰፈራችን ልጆች ዘንድ «አያ ሚዛን» የሚል ስም ወጣልኝ፤ እኔም በዚህ ስም እኮራ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ግን ሚዛኔ ስለ ሳተበት ነገር ነው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለ ገዛ ጥፋታቸው ሲናገሩ መስማት ብዙ ጊዜ አይገጥምህምና እባክህ ታግሠህ ስማኝ።

የፎገራን ሜዳ ላላየ ሰው አስቀድሜ ጥቂት ልንገር። ወረታ የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በመካከልዋ ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውም መንገድ ከዚሁ ይገነጠላል። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ የተዘረጋው መሬት እንደ ምጣድ የተስተካከለ ነው። በስተ ደቡብ የጉማራ ወንዝ፥ በስተ ሰሜን የርብ ወንዝ ከደጋው ወርደው በክረምት ሲሞሉ ከዳርቻቸው አልፈው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። የቀድሞ ሰዎች ይህን ሜዳ የሚያውቁት በፎገራ ከብት ነበር፤ ውሃ የሚተኛበትን ክፍል ለእህል ብለው ብዙ አይመኩበትም ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በደራ በጅግና፥ በፎገራም በሻጋ በነበሩት የገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ ከተሞከረ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ እርግማን ይመስል የነበረው ውሃ በረከት ሆነ። ገበሬው ለብዙ ዓመት ሲዘራው የኖረው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዘርም ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው።

ዳሩ ግን ሩዝ ወዳጅ እንዳለው ሁሉ ጠላትም አለው፤ ይኸውም ወፍ ነው። ፍሬው ወተት መያዝ ሲጀምር የወፍ መንጋ እንደ ደመና ይወርድበታል። በዚህ ጊዜ የገበሬ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ከንጋት እስከ ምሽት ሲጮኽና ወንጭፍ ሲያጮኽ ይውላል። የሜዳው አፈር ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ ጠጠር እንደ ልብ አይገኝበትም፤ ስለዚህ ልጆቹ ጭቃ አድቦልቡለው በፀሐይ ያደርቁና እሱን ይወነጭፋሉ።

በጥቅምት ወር 2008 ዓ.ም. የአንድ ደንበኛችንን ሩዝ መድረስ አለመድረስ ለማየት ወደ ማሳ ወርጄ ነበር። በዚያ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ማማው ሥር ቆሞ አየሁ። ወንጭፉ ተበጥሶበት ስለ ነበር ጓሉን በባዶ እጁ ይወረውር ነበር። ልጁ ቀጭን ነው፤ ቁምጣው ከጉልበቱ በላይ ተቀድዷል፤ ነገር ግን ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ ሲለቀው ጓሉ የእነሱን ማሳ አልፎ፥ የጎረቤታቸውንም ማሳ አልፎ፥ ከቦዩ ማዶ ወደቀ። እኔም የሚዛን ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ልጁ ከቆመበት ተነሥቼ ጓሉ እስከ ወደቀበት በእርምጃ ለካሁ፤ ስልሳ አንድ እርምጃ ሆነ። ከኪሴ ደብተር አውጥቼ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፍሁ። ልጁ ገርሞት፥ «አያ፥ ምን እየጻፉ ነው?» አለኝ። «ክንድህን እየመዘንሁ ነው» አልሁት። ሁለታችንም ሳቅን። የአንድን ልጅ እድገት እግር በእግር መከተል የጀመርሁት በዚህ ቀን ነው።

በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤቱ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ከወፍጮ ቤታችን አጠገብ ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ስለ ስልሳ አንዱ እርምጃ ነገርሁት። እሱም ሥቆ፥ «አያ ሚዛን፥ ጓል መወርወር ስፖርት አይደለም» አለኝ። በማግሥቱ ግን ልጁን ሜዳ አስወጥቶ አየው፤ ካየው በኋላም አልሳቀም። አንድ ቀጥ ያለ ቀርከሃ ፈልጎ ጫፉን በቀጥቃጭ ቤት ብረት አስለበሰው፤ መያዣውንም በሲባጎ ጠመጠመው። የልጁ የመጀመሪያ ጦር ይህ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። አገራችን የሯጮች አገር ናት። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ማራቶንን ካሸነፈ ወዲህ ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ያገኘችው ሜዳልያ ሁሉ የሩጫ ነው። ስለዚህ ለሯጭ ልጅ መንገድ የሚያሳየው ሰው ብዙ ነው፤ ጦር ለሚወረውር ልጅ ግን የሚያሳየው ጥቂት ነው። ይህ ማለት ግን ክንድ የማናውቅ ሕዝብ ነን ማለት አይደለም። አባቶቻችን በጥምቀትና በሌላውም በዓል ጉግስ ሲጫወቱ አንዱ በፈረስ እየጋለበ ዘንግ ይወረውራል፥ ሌላው በጋሻው ይመክታል። ጎረቤታችን ኬንያም እንደ እኛው የሯጮች አገር ናት፤ ሆኖም ጁሊየስ ዬጎ የሚባል ወጣት፥ አሠልጣኝ ስላልነበረው፥ የታላላቅ ወርዋሪዎችን ፊልም በኢንተርኔት እየተመለከተ ጦር መወርወር ተማረ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በቤጂንግ 92 ሜትር ከ72 ሳንቲም ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በሪዮ ኦሎምፒክ የብር ሜዳልያ አገኘ። መምህሩ የዚህን ሰው ታሪክ ለልጁ ደጋግሞ ይነግረው ነበር።

እኔም ሥራዬን ጨርሼ ወደ ማታ ላይ ወደ ሜዳው እሄድ ጀመር። መምህሩ ያስተምራል፤ ልጁ ይወረውራል፤ እኔ የሜትሩን ጫፍ ይዤ እለካለሁ፤ እጽፋለሁም። ያን ደብተር ዛሬ ስገልጠው እንዲህ ይላል፤ 2009 ዓ.ም.፥ በቀርከሃ ጦር፥ 27 ሜትር። 2010 ዓ.ም.፥ መምህሩ ለምኖ ባመጣው ያረጀ የ700 ግራም ጦር፥ 35 ሜትር ከ40። 2011 ዓ.ም.፥ 43 ሜትር ከ80። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ልጁ በደረጃ ላይ እንደሚወጣ ሰው ያለ ማቋረጥ ወደ ላይ ሲወጣ የኖረ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አልነበረም። እኔ እጽፍ የነበረው በየቀኑ ከወረወራቸው መካከል ረጅሙን ብቻ ነው። በአንድ ማታ ሃያ ጊዜ ይወረውራል፤ አንዱ ረጅም ይሆናል፤ አሥራ ዘጠኙ ግን የት ወደቁ? ጦሩ በጎኑ የተኛበት ቀን ስንት ነው? ልጁ ሌሊቱን በውሃ ተራ ሲጠብቅ አድሮ ዐይኑ የቀላበት ቀን የትኛው ነው? ይህን ሁሉ አልጻፍሁም። በወፍጮ ቤት ከሩዙ ጋር የተሰባበረውንም ገለባውንም እጽፍ የነበርሁ ሰው፥ በልጁ ደብተር ላይ ግን ምርቱን ብቻ እጽፍ ነበር። የስሕተቴ ሥር ይህ ነው።

ጦር መወርወር ከሩቅ ሲያዩት የክንድ ሥራ ይመስላል። መምህሩ ግን የክንድ ሥራ የመጨረሻው ነው ይል ነበር። ወርዋሪው መጀመሪያ ይሮጣል፤ ቀጥሎ በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ጎኑን ያዞራል፤ ግራ እግሩን እንደ ምሰሶ ሲተክል የሩጫው ኃይል ከእግሩ ወደ ወገቡ፥ ከወገቡ ወደ ትከሻው፥ ከትከሻው ወደ ክንዱ ያልፋል፤ ጦሩም ከትከሻው በላይ ይወጣል። በውድድር ሕግም ቢሆን ጦር ከትከሻ በላይ ይወረወራል እንጂ እንደ ወንጭፍ አይወነጨፍም። የእኛ ልጅ ችግር ግን ይኸው ነበር። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ወንጭፍ ሲያዞር ስላደገ ክንዱ ወደ ጎን መውጣት ለምዷል። ክንድ ወደ ጎን ሲወጣ ሸክሙ ሁሉ በክርን ውስጠኛ ጎን ባለው ጅማት ላይ ይወድቃል። መምህሩ ይህን ልማድ ለማስተው ታግሦ ይሠራ ነበር፤ «ዘንድሮ ሜትሩን እንርሳው፥ ክርኑ ከፍ ይበል» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ሜትሩን እንዴት ልርሳ? ሜትሩን የያዝሁት እኔ ነኝ።

ልጁ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው በወረታ ስሙ መጠራት ጀመረ። በወፍጮ ቤት ሩዝ ሊገዙ ከሩቅ ከተማ የሚመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ፥ «ያ ልጅህ ስንት ደረሰ?» ይሉኝ ነበር። ልብ በል፤ «ልጅህ» ይሉኝ ነበር። እኔም አባቱ እንዳልሆንሁ እያወቅሁ አላርማቸውም። ሰው በሌላው ተሰጥዖ መኩራት ሲጀምር መጀመሪያ ወዳጅ ይመስላል፤ ቆይቶ ግን ባለቤት ይሆናል።

በ2012 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ ዕለት፥ ታቦቱን አጅበን ከተመለስን በኋላ፥ ከነጋዴዎቹ ጋር ሆኜ ልጁን ወደ ሜዳው ጠራሁት። መምህሩ ለበዓል ወደ ወላጆቹ አገር ሄዶ ነበር። ልጁ በዋዜማው በብርቱ ተለማምዶ እንደ ነበር አውቅ ነበር። ነገር ግን ነጋዴዎቹ አንዱ ሃምሳ ሜትር ይደርሳል፥ ሌላው አይደርስም ብለው ተወራርደው ነበር፤ እኔም የሚደርስ መሆኑን ለማሳየት ልቤ ቋምጦ ነበር። ልጁ ወረወረ፤ 46። ደግሞ ወረወረ፤ 47 ከ20። ሰዉ እየተሰበሰበ፥ ሴቱ እልል እያለ፥ ወንዱ እያጨበጨበ፥ ልጁ አሥር፥ ሃያ፥ ሠላሳ ጊዜ ወረወረ። በታላቅ ውድድር እንኳ አንድ ወርዋሪ እስከ መጨረሻ ቢደርስ የሚወረውረው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። በመካከሉ ወደ እኔ ቀርቦ፥ «አያ ሚዛን፥ ይበቃኝ ይሆን?» አለኝ። እኔም፥ «አንዲት ብቻ ጨምር» አልሁት። ይህን ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ እኔም ሦስት ጊዜ ይህንኑ መለስሁለት። በመጨረሻ 49 ሜትር ከ60 ደረሰ። ሃምሳ አልሞላም፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ደርሶበት የማያውቀው ቁጥር ነበር። እኔም በትልቅ ፊደል ጻፍሁት።

ከዚያ በኋላ በቤቴ ቡና ስንጠጣ ልጁ ስኒውን በግራ እጁ ሲያነሣ አየሁ። ልጁ ግራኝ አይደለም። አየሁ፥ ልብም አደረግሁ፤ ግን አልጠየቅሁም፤ በደብተሬም አልጻፍሁም። አንባቢ ሆይ፥ የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው ሳልጽፈው የቀረሁት ነገር ይህ ነው፤ «ዛሬ ስኒውን በግራ እጁ አነሣ»። ይህችን አንዲት መሥመር ጽፌ ቢሆን ኖሮ መምህሩ ሲመለስ ያነባት ነበር።

በየካቲት ወር ወደ ደብረ ታቦር ለምርጫ ውድድር ሄድን። ልጁ በመጀመሪያው ውርወራ ጦሩን ሲለቅ የደረቀ አገዳ ሲሰበር የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ጦሩ እግሩ አጠገብ ወደቀ። ልጁ አልጮኸም፤ ክንዱን በሌላው እጁ አቅፎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ወደ እኔም አየ። ያን አተያይ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የቁጣ አልነበረም፤ አንድን ነገር አጥፍቶ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አተያይ ነበር።

ሐኪሙ በክርኑ ውስጠኛ ጎን ያለው ጅማት ተጎድቷል፤ ፈጽሞ ግን አልተበጠሰም፤ ብዙ ወር ዕረፍት ያስፈልገዋል አለ። በሦስተኛው ቀን የልጁ እናት ወደ ወፍጮ ቤት መጣች። ጆንያ አልያዘችም። ገበሬዎች ተሰልፈው ሳለ ከሚዛኑ ፊት ቆማ፥ «አንቱ የሰው እህል ሲመዝኑ አንዲት ኪሎ አያጎድሉም ይባላል። የልጄን ክንድ በምን ሚዛን መዘኑት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሚዛኑ ላይ ያለውን ጆንያ ቁጥር ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስት ጊዜ ተሳሳትሁ።

ከዚያ በኋላ መምህሩ አንድ ነገር አስረዳኝ። በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባል የኳስ ጨዋታ አለ። በዚያ ጨዋታ ከሁሉ ይልቅ የሚከበረው ኳሱን ወደ መቺው የሚወረውረው ሰው ነው። ይህም ወርዋሪ ወደ ታላቁ ሊግ ከመድረሱ በፊት በታናናሾቹ ሊጎች ደረጃ በደረጃ ዓመታት ያሳልፋል፤ በዚያም የሚከታተሉት ሰዎች የኳሱን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደ ወረወረም ይቈጥራሉ። ይህን የተማሩት ግን ብዙ ክንድ ካበላሹ በኋላ ነው። ቶሚ ጆን የተባለው ወርዋሪ በ1974 እ.ኤ.አ. የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ፍራንክ ጆብ የተባለ ሐኪም ከሌላው እጁ ጅማት ወስዶ ተከለለት፤ ሰውየውም አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ተቀምጦ በ1976 እ.ኤ.አ. ተመለሰ፤ እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ድረስም ወረወረ። ሊትል ሊግ የሚባለው የልጆች ማኅበር ደግሞ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውርወራ ቁጥር ወስኗል፤ የ11ና የ12 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ85 ኳስ በላይ አይወረውርም፤ 66ና ከዚያ በላይ የወረወረ ልጅም አራት ቀን ያርፋል። ይህን ስሰማ አፈርሁ። የሩዝ ጆንያ የምቈጥር ሰው የአንድን ልጅ ውርወራ መቍጠር አቅቶኝ ነበርና።

ደግሞስ ይህን ትምህርት ከአሜሪካ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብኝን? በገዛ ሥራዬ ውስጥ አልነበረምን? ከማሳ የመጣ ሩዝ እርጥበት አለው። የቸኮለ ሰው በቀትር ፀሐይ አስፋልት ላይ አስጥቶ በአንድ ቀን ያደርቀዋል። ከላይ ሲያዩት ያማረ ነው፤ በውስጡ ግን ለዐይን የማይታይ ስንጥቅ ይዟል፤ መፈልፈያው ውስጥ ሲገባ ይሰባበራል። እየተገላበጠ ቀስ ብሎ የደረቀው ግን ሙሉ ፍሬ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለገበሬ ሁሉ ስመክር ኖሬአለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውንም ተረት ከእኔ በላይ የሚደጋግመው አልነበረም። ነገር ግን ሰው ለሌላው የሚመክረውን ለራሱ የሚሰማው በስንት አንድ ጊዜ ነው!

ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ወደ ልጁ ቤት ሄድሁ። እናቱ በዝምታ ሰማችን። ከዚያም፥ «ይቅር ብዬዎታለሁ። እኔ ማንበብ አላውቅም፤ ግን ከእንግዲህ ሲጽፉ የሚያመውንም ይጻፉ» አለችኝ። በሕይወቴ ስለ መጻፍ ከተማርሁት ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላገኘሁም።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ውድድርም ቀረ። ለብዙዎች ክፉ ጊዜ ነበር፤ ለልጁ ክርን ግን የግድ ዕረፍት ሆነለት። በመስከረም ወፍ ጥበቃ ሲመጣ ሐኪሙ በቀኙ እንዳይወነጭፍ ከልክሎት ስለ ነበር በግራ እጁ መወንጨፍ ተማረ። በመጀመሪያው ሳምንት ከወፎቹ ይልቅ የሸሹት ጎረቤቶቹ ናቸው።

በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. እንደገና ጦር ሲይዝ አዲስ ደብተር ገዛሁ። በዚህኛው ላይ መሥመሮቹ ብዙ ናቸው፤ ስንት ጊዜ ወረወረ፤ ሌሊቱን ተኝቶ አድሯልን፤ በማሳ ሲሠራ ውሏልን፤ ክርኑ ከፍ ብሏልን፤ ያመዋልን። ሜትሩ የመጨረሻው መሥመር ላይ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቀን፥ ሳይሮጥ ቆሞ የወረወረው፥ 22 ሜትር ነበር። በቀርከሃ ጦር ከጀመረበት ያነሰ ነው። ልጁ ቁጥሩን ሲያይ እንባው መጣ። እኔም፥ «ሁሉንም መጻፍ ተምሬአለሁ፤ ይህንንም እጽፈዋለሁ» አልሁት። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሕንዱ የገበሬ ልጅ ኒራጅ ቾፕራ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ሊወዳደር መሄዱን መምህሩ ነገረን፤ ይህ ሰው በ2019 እ.ኤ.አ. ክርኑን ተቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። በነሐሴ 1 ቀን 87 ሜትር ከ58 ወርውሮ ወርቅ ሲያገኝ ልጁ ቀኝ ክርኑን ዳሰሰ እንጂ ምንም አልተናገረም።

ከዚያ ወዲያ ያለው እድገት ዝግ ያለ ነው፤ ደብተሩም የሚያኮራ አይደለም። አንድ ወር ይጨምራል፥ ሁለት ወር ይቀንሳል። አሁን የሚወረውረው የአዋቂዎቹን የ800 ግራም ጦር ነው። በ2014 ዓ.ም. 44 ሜትር ከ10 ደረሰ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. 52 ሜትር ከ35 ወረወረ፤ ክርኑም ከትከሻው በላይ ነበር። ይህ ቁጥር በዓለም ፊት ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቼኩ ያን ዜሌዝኒ በ1996 እ.ኤ.አ. የወረወረው 98 ሜትር ከ48 ነው። ልጁ ወደዚያ ይድረስ አይድረስ አላውቅም፤ እንዲደርስም አላስገድደውም። በዚያው ክረምት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ለመሆን ለመማር ሲሄድ ሁለቱንም ደብተሮች ሰጠሁት። «የመጀመሪያውን ምን ላድርገው? ውሸት ነው እኮ» አለኝ። እኔም፥ «ውሸት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። አንተ የምታስተምራቸው ልጆች ሲመጡ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳያቸው» አልሁት።

ወጣት ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንድትይዝ እወዳለሁ። ፊተኛው ለአንተ ነው። ተሰጥዖ ያለው ልጅ ከሆንህ የሚያጨበጭቡልህ ሰዎች የሚያዩት ረጅሙን ውርወራህን ብቻ ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር የምትኖረው ግን አንተ ነህ። ስለዚህ የራስህን ደብተር ራስህ ጻፍ። ሲያምህ አሞኛል በል፤ ሲበቃህ በቃኝ በል፤ ይህን ስትል ጥያቄ አታድርገው። አባቶቻችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት በከንቱ አይደለም። የሚወድህ ሰው በቃኝ ስትለው ይሰማሃል፤ የማይሰማህ ከሆነ ግን የሚወደው አንተን ሳይሆን ቁጥርህን ነው፤ ምንም እንኳ እንደ እኔ በየማታው ሜዳ ድረስ ቢመጣልህ።

ሁለተኛው ነገ ታላቅ ስትሆን ነው። አንተም አንድ ቀን የሌላ ሰው ልጅ ሲያድግ ትመለከታለህ፤ ወንድምህ ይሆናል፥ ተማሪህ ይሆናል፥ የጎረቤትህ ልጅ ይሆናል። በዚያ ጊዜ የፍሬውን መድረስ በየቀኑ አትጠይቅ፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል። ስኒውን በየትኛው እጁ እንደሚያነሣ ግን ተመልከት፤ ያየኸውንም አትሸሽግ።

በሁለተኛው ደብተር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ገጽ የግንቦቱ 52 ሜትር የተጻፈበት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. አንድ ማታ እኔ ወፍጮ ቤት ሥራ በዝቶብኝ ሳልሄድ በቀረሁበት ቀን ልጁ በገዛ እጁ የጻፈበት ነው። እንዲህ ይላል፤ «ዛሬ ሌሊቱን ውሃ ስመልስ ስላደርሁ አልወረወርሁም። ክንዴ ደኅና ነው።»